ከአራስ ቤት በኋላ ያለው ጊዜ የገበሬ ማኅበርም ጉዳይ ነው

በገበሬ ማኅበር ስብሰባ ላይ ስለ ማዳበሪያ፣ ስለ ምርጥ ዘር፣ ስለ እርከን ሥራና ስለ መሬት ግብር ብዙ ይነገራል፤ መነገሩም ተገቢ ነው። ስለ ወላድ ሴት የሚነሣ ነገር ቢኖር ግን፣ ምጥ ሲይዛት አምቡላንስ በማን ስልክ ይጠራ፣ መኪና በማይገባበት ጎጥ ማን ማን ይሸከማት የሚለው ነው። ይህም ከብዙ ድካም በኋላ የመጣ በጎ ልማድ ስለሆነ ሊመሰገን ይገባዋል። ሆኖም ሴቲቱ በሰላም ከተገላገለች በኋላ ጉዳይዋ ከስብሰባው ቃለ ጉባኤ ይወጣል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አንድ ዓመት ነው። (ዛሬ በሕግ ስሙ የቀበሌ አስተዳደር ቢባልም፣ በብዙው ገጠር ሕዝቡ እስከ አሁን «ገበሬ ማኅበር» እያለ ስለሚጠራው እኛም በዚሁ ስም እንጠቀማለን።)

እንደሚታወቀው ሴት በወለደች ዕለት መንደሩ ይሰበሰባል። ገንፎ ይገነፋል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» የማይላት የለም። የተወለደው ወንድ ከሆነ 40፣ ሴት ከሆነች 80 ቀን ሞልቶ ክርስትና እስኪነሣ ድረስ አራሷ በተቻለ መጠን ከከባድ ሥራ ትታቀባለች። በእስልምና ተከታዮችም ዘንድ የ40 ቀኑ ጊዜ የታወቀ ነው። አባቶችና እናቶች ያቆዩት ይህ ሥርዐት፣ ሐኪሞች ዛሬ የሚመክሩትን የስድስት ሳምንት ዕረፍት ያለ መጽሐፍ ያስገኘ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ችግሩ ያለው ከዚያ ወዲያ ነው። የክርስትናው ድግስ በተበላ ማግስት እንስራው፣ ማገዶው፣ ሊጡና አረሙ ይጠብቃታል። የሚቀጥለው እርግዝና መቼ ቢመጣ ይሻልሻል የሚለውን ጥያቄ ግን ባሏም፣ አማቷም፣ ጤና ኬላውም፣ ማኅበሩም አይጠይቋትም።

ጥያቄው ቢቀርብላት ምን ብላ እንደምትመልስ ማወቅ አያስቸግርም። የ27 አገሮችን መረጃ መርምሮ በ1993 ዓ.ም. የወጣ አንድ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከወለዱ ዓመት ካልሞላቸው እናቶች መካከል በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ ልጅ እፈልጋለሁ የሚሉት እጅግ ጥቂቶች ናቸው። ከሦስቱ እናቶች ሁለቱ ያህል ግን እርግዝናን ማዘግየት ወይም ጨርሶ ማቆም እየፈለጉ ምንም ዓይነት መከላከያ አይጠቀሙም ነበር። በአገራችን በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት ደግሞ፣ ከበኩር ልጅ በኋላ ከተወለዱት ሕፃናት ከመቶው 22 ያህሉ የተወለዱት ታላቃቸው ሁለት ዓመት ሳይሞላው መሆኑን ያሳያል። እነዚህ ሕፃናት አንደኛው ጡት ሳይጥል ሌላው በማኅፀን ያደረባቸው፣ በአንድ አንቀልባ የሚሻሙ ልጆች ናቸው።

ለማነጻጸር ያህል፣ የዓለም የጤና ድርጅት በ1997 ዓ.ም. ባለሙያዎችን ሰብስቦ ካመከረ በኋላ የደረሰበት ሐሳብ፣ አንዲት እናት ከወለደች በኋላ ሌላ እርግዝና ከመሞከሯ በፊት ቢያንስ 24 ወር ብትቆይ ይበጃል የሚል ነው። ዘጠኙ የእርግዝና ወር ሲታከልበት በሁለት ልጆች መካከል ሦስት ዓመት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ጊዜ ይኖራል ማለት ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው። እርግዝናና ምጥ የእናትየውን ደምና ኃይል ይወስዳሉ፤ ጡት ማጥባት ደግሞ በዚያ ላይ ይታከላል። የጎደለው ሳይሞላ ሁለተኛው እርግዝና ሲደርስ የደም ማነስ ይጠናል፤ የሚወለደው ሕፃን ያለ ወሩ የመወለድ ወይም ክብደቱ አንሶ የመወለድ ዕድሉ ይጨምራል፤ ጡቱን በድንገት የተነጠቀው ታላቅዬውም ይመነምናል። ገበሬ ይህን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገውም። ዓመት በዓመት ያለ ዕረፍት የታረሰ ማሳ ምን እንደሚያወጣ ከማንም በላይ የሚያውቅ እርሱ ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ነገር ሳይነገር ሊታለፍ አይገባም። በየስብሰባው ስለ ቤተሰብ ምጣኔ ሲነሣ ንግግሩ የሚጀምረው ከመሬት ጥበት ነው። በደጋው አገር የብዙው ገበሬ ይዞታ አንድ ሄክታር እንደማይሞላ፣ ለወጣቱ የሚደርስ መሬት እንደጠፋ ይዘረዘራል። ነገሩ እውነት ነው። በሚያዝያ 1985 ዓ.ም. የወጣው የሕዝብ ፖሊሲም የሕዝቡ ቁጥር ከኢኮኖሚው አቅም ጋር እንዲጣጣም የታሰበ ነበር። ነገር ግን ለአንዲት አራስ ንግግሩን ከመሬት መጀመር አግባብ አይመስለኝም። እርሷ የጥማድ መለኪያ አይደለችም። የመሬቱ ጉዳይ በመሬት አስተዳደር በኩል፣ በመስኖና በሌላ ሥራ የሚፈታበት ብዙ መንገድ አለው፤ የደከመ ጉልበቷና የሚያለቅሰው ልጅዋ ግን የዛሬ ጉዳይ ናቸው። ከዚህ የሚጀምር መሪ ይደመጣል፤ ከመሬቱ የሚጀምር ግን «መንግሥት ልጅ አትውለዱ ይለናል» የሚል ሐሜት አትርፎ ይመለሳል።

የወር አበባ ሳይመጣ ስለሚመጣው እርግዝና

ብዙ እናቶች፣ ብዙ ባሎችም፣ ጡት እያጠቡ እርግዝና አይያዝም ብለው ያምናሉ። ይህ እምነት ከባዶ የመጣ አይደለም። አዲስ የተወለደ ልጅ ጡት እየደጋገመ ሲጠባ የእናትየው ማኅፀን ለጊዜው ያርፋል። ዋስትናው የሚጸናው ግን ሦስት ነገሮች በአንድነት እስካሉ ድረስ ብቻ ነው። የወር አበባዋ ገና ያልተመለሰ መሆን አለበት፤ ሕፃኑ ከእናቱ ጡት በቀር ውሃም ሆነ ሌላ ምግብ የማይቀምስና ቀንም ሌሊትም የሚጠባ መሆን አለበት፤ ዕድሜውም ከስድስት ወር በታች መሆን አለበት። ሦስቱ ከተሟሉ ከመቶ እናቶች 98ቱ አያረግዙም። ከሦስቱ አንዱ በጎደለበት ቀን ግን ዋስትናው ያልቃል፤ እናቲቱ ሌላ መከላከያ መጀመር ያለባት በዚያው ቀን ነው።

ጨርሶ ጡት የማታጠባ ሴት፣ ለምሳሌ ሕፃኑ የሞተባት እናት፣ ከወለደች ከአራት ሳምንት በኋላ እንኳ ልታረግዝ ትችላለች። ይህን ብዙ ሰው አያውቅም። ሐዘን ላይ ያለችን ሴት ስለዚህ ጉዳይ ማነጋገር ከባድ ቢሆንም፣ ሳትዘጋጅ ዳግመኛ ማርገዟ ሌላ አደጋ ነውና አዋላጅ ነርሷ ለብቻዋ ቀስ ብላ ልታማክራት ይገባል።

በጣም የሚያሳስተው ግን ሌላ ነው። የሴት እንቁላል የሚለቀቀው የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት ነው። ስለዚህ ከወሊድ በኋላ የወር አበባዋን ሳታይ ያረገዘች ሴት ትኖራለች። «ገና አበባዬን አላየሁም፣ ልጄንም አጠባለሁ» ብላ በሰላም ስትኖር ሆዷ ገፋ ብሎ ሲታያት ትደነግጣለች። ሰውም «ሳታውቀው አረገዘች» እያለ ይስቅባታል። ማንም ሳይነግራት የቀረውን ነገር ባለማወቋ የሚሳቅበት ምክንያት ለእኔ አይታየኝም።

ነገሩ ከእርሻው ወራት ጋር እንዴት እንደሚያያዝ እንመልከት። አንዲት እናት በሰኔ ወር አጋማሽ ትወልዳለች እንበል። ክረምቱ ገብቷል፣ ወንዙ ሞልቷል፣ ጤና ኬላው ከወንዙ ማዶ ነው። እስከ ነሐሴ ድረስ ቤቷ ናት፤ ልጁም ጡት ብቻ ይጠባል፤ የቅቤና የአብሽ ውሃ ሳያቀምሱት ከቀሩ ማለት ነው። መስከረም ጠብቶ አረሙና የከብቱ ሥራ ሲበረታ ልጁን ለአያቱ ትታ ትወጣለች። ኅዳር ላይ አጨዳው ሲደርስ ከጠዋት እስከ ማታ ማሳ ውስጥ ናት። አያት ልጅ ሲያለቅስ ዝም አትልም፤ አጥሚት ታቀምሰዋለች። የጡቱ ብዛት በዚህ ጊዜ ይቀንሳል፤ ልጁም ስድስት ወር ሊሞላው ተቃርቧል። ሦስቱም ቅድመ ሁኔታዎች በአንድ የመኸር ወር ውስጥ ይፈርሳሉ። ውቂያው አልቆ ቤት ሲሞላ፣ ጥር ላይ፣ ትፀንሳለች። በሚቀጥለው ዓመት ጥቅምት ስትወልድ ታላቅዬው ገና የአንድ ዓመት ከአራት ወር ልጅ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ማንም ክፉ ሥራ አልሠራም። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ መኸሩ ከመድረሱ በፊት አንድ ሰው ሊነግራት ይገባ ነበር።

በ2008 ዓ.ም. ጥናት መሠረት ዕድሜያቸው ከስድስት ወር በታች ከሆኑት ሕፃናት ጡት ብቻ ይጠቡ የነበሩት ከመቶ 58ቱ ናቸው። ስለዚህ «አጠባለሁ» የምትል እናት ሁሉ በጡቷ ትጠበቃለች ማለት አይቻልም።

ምን ምን አለ፣ መቼስ ይሰጣል

በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ የሚገኙት የመከላከያ ዓይነቶች ብዙ ቢሆኑም ሁሉም ለአራስ እኩል አይስማሙም፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ አይጀመሩም። የማኅበር መሪ ነርስ ይሁን አይባልም፤ ነገር ግን ሰው ሲጠይቀው «ወደ ጤና ኬላ ሂዱ» ከማለት አልፎ ጥቂት ቢያውቅ ይጠቅማል።

በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው፣ ሕዝቡ «የክንዱ» የሚለው፣ ጡት ለምታጠባም ሴት ቢሆን ከወሊድ በኋላ ወዲያው ሊደረግ ይችላል። ኢምፕላኖን የሚባለው ለ3 ዓመት፣ ጃዴል የሚባለው ለ5 ዓመት ያገለግላል። በማኅፀን ውስጥ የሚቀመጠውና ሉፕ የሚባለው፣ የሠለጠነ ባለሙያ ካለ በወለደች በ48 ሰዓት ውስጥ ይገባል፤ ያ ጊዜ ካለፈ ግን አራት ሳምንት እስኪሞላ መጠበቅ ያስፈልጋል። አንዴ ከገባ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ይሠራል። በገጠሩ ሴት ዘንድ ከሁሉ ይልቅ የተለመደው የሦስት ወሩ መርፌ ነው፤ ይህን ጡት የምታጠባ እናት የምትጀምረው ከስድስት ሳምንት በኋላ ነው። ከኪኒኖቹ መካከል ለአጥቢ እናት የሚስማማ አንድ ዓይነት አለ፤ የተለመደው ሌላው ዓይነት ግን ልጁ ስድስት ወር ሳይሞላው ለአጥቢ አይሰጥም። ስለዚህ ከጎረቤት ኪኒን ተበድሮ መዋጥ የሚያስከትለው ነገር አለና መከልከል አለበት። ልጅ በቃን ላሉ ባልና ሚስት ደግሞ እርሷም እርሱም በቀላል ቀዶ ሕክምና ለዘለቄታው ሊያቆሙ ይችላሉ። የወንዱ ከሴቷ ይልቅ የቀለለ መሆኑን ለወንዶች ስነግር ብዙ ጊዜ ሳቅ ይነሣል፤ ሳቁ ሲያልቅ ግን ጥያቄ የሚጠይቅ አንድ ሁለት ሰው አይጠፋም።

ስለ ወሬው። ክንድ ላይ የተቀበረው ወደ ልብ ይሄዳል፣ ሉፑ ልጁን ይወጋል፣ መርፌው መካን ያደርጋል የሚባለውን ያልሰማ የለም። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ሐሰት ናቸው። የመርፌው ወሬ ግን እውነት የተቀላቀለበት ስለሆነ በጥንቃቄ መመለስ አለበት። መርፌ መካን አያደርግም፤ ነገር ግን ካቋረጠች በኋላ ለማርገዝ ብዙ ወራት ሊፈጅባት፣ አንዳንዴም ዓመት ሊጠጋ ይችላል። በሚጀመርበት ጊዜ ደም ጠብ ጠብ ሊል ወይም የወር አበባ ጨርሶ ሊቀር ይችላል። ይህ አስቀድሞ ያልተነገራት ሴት «ደሜ ሆዴ ውስጥ እየተጠራቀመ ነው» ብላ ትሸበራለች፤ ትተወዋለች፤ ለጎረቤቷም ትናገራለች። በ2008 ዓ.ም. ጥናት ከተጀመሩት የመከላከያ አጠቃቀሞች ከመቶው 35ቱ ዓመት ሳይሞላ እንደተቋረጡ መታየቱ የሚያስደንቅ አይደለም። እውነቱን የሚሸፍን ባለሙያ ለወሬው ዘር ያቀብላል።

የወተት ነገርም እንዲሁ ነው። ለአጥቢ እናት ተመርጦ በጊዜው የሚሰጠው መከላከያ ወተት አያደርቅም። ጊዜውን ሳይጠብቁ የማይስማማውን ከወሰዱት ግን ወተት ሊቀንስ ይችላል። አማቶች የሚፈሩት ይህን ነውና ፍርሃታቸው መናቅ የለበትም።

ዕድሎቹ የት ናቸው

ባለፉት ዓመታት የተገኘውን ውጤት አሳንሶ ማየት ተገቢ አይደለም። በ1992 ዓ.ም. ካገቡ ሴቶች መካከል ዘመናዊ መከላከያ የሚጠቀሙት ከመቶ 6 ያህል ነበሩ፤ በ2011 ዓ.ም. 41 ደርሰዋል። ይህ የመጣው በከተማ ሐኪሞች አይደለም፤ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው በተመደቡት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች እግር ነው። ከ2001 ዓ.ም. ወዲህ በክንድ የሚቀበረውን እነርሱ ራሳቸው በጤና ኬላ እንዲሰጡ በመደረጉ የሩቅ መንደር ሴት ብዙ መንገድ ቀርቶላታል። ቢሆንም የ1985ቱ ፖሊሲ ተጠቃሚው እስከ 2015 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከመቶ 44 ይድረስ ብሎ ያስቀመጠው ግብ፣ ከቀጠሮው አራት ዓመት ካለፈ በኋላም አልተሞላም ነበር።

ክፍተቱ የት እንደሆነ የ2011 ዓ.ም. ጥናት ራሱ ይጠቁማል። ከወለዱት እናቶች ከመቶ 48ቱ በጤና ተቋም ወልደዋል፤ ከወሊድ በኋላ በሁለት ቀን ውስጥ በባለሙያ የታዩት ግን ከመቶ 34ቱ ብቻ ናቸው። ጤና ጣቢያ ገብታ የወለደች ሴት እንኳ ሳትመረመርና ሳትመከር ወደ ቤቷ የምትመለስበት ጊዜ አለ ማለት ነው። አምቡላንሱ፣ አልጋው፣ አዋላጇ፣ መድኃኒቱ ሁሉ ባለበት ሰዓት አንድ ጥያቄ ሳይጠየቅ ይታለፋል። በእርግዝና ክትትል ጊዜ ተመክራ ያሰበችበት ሴት ግን ከመውጣቷ በፊት የምትፈልገውን ትጠይቃለች። ስለዚህ ምክሩ መጀመር ያለበት ሆዷ ገና ሳይገፋ፣ ባሏም አብሯት በሚመጣበት ጊዜ ነው።

ሁለተኛው ዕድል የሕፃኑ ክትባት ነው። ልጁ ስድስት ሳምንት ሲሆነው፣ ከዚያም በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት፣ በኋላም በዘጠኝ ወሩ ለክትባት ይመጣል። ለራሷ ሕመም ጤና ኬላ የማትሄድ እናት ለልጅዋ ክትባት ትሄዳለች። ስድስተኛው ሳምንት ደግሞ አጥቢ እናት መርፌ መጀመር የምትችልበት ጊዜ ሲሆን፣ ወንድ ለወለደችም የክርስትናው 40 ቀን ገና እንደሞላ ነው። ሴት የወለደች ግን 80ው ቀን እስኪሞላ ከቤት የማትወጣበት አካባቢ አለ። በዚህ ምክንያት የሁለት ክትባት ቀጠሮዎች በአራስ ቤት ውስጥ እያለች ያልፉባታል፤ ሕፃኗም እርሷም ይቀራሉ። እንዲህ ባለው ቦታ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ወደ ቤቷ ብትሄድ ሥርዐቱም አይነካም፣ ክትባቱም አይቀርም። ይህን ማመቻቸት ለአንድ ሊቀ መንበር የአንድ ቀን ሥራ ነው፤ በየጎጡ የወለዱትን ሴቶች ስም ከነወለዱበት ቀን ይዞ ለጤና ኬላው መስጠት ብቻ ይበቃል። የማዳበሪያ ዕዳ ያለበትን ሰው ስም በቃሉ የሚያውቅ ማኅበር ይህን አልችልም ሊል አይችልም።

የሃይማኖት አባቶችን በተመለከተ፣ መከላከያ ስለ መጠቀም ያላቸው አስተያየት እንደየሰውና እንደየቦታው የተለያየ ነው። በዚህ ገጽ እነርሱን ለማከራከር አንሞክርም። ነገር ግን እናት ከወለደች በኋላ ማረፍ እንዳለባት የማይስማማ አባት አይገኝም፤ ቁርዓንም ጥቢን መሙላት ለሚሻ ልጅ ሁለት ሙሉ ዓመት ጡት እንዲጠባ ይናገራል። በክርስትናው ዕለት ቄሱ፣ የክርስትና አባቱ፣ አማቷና ባሏ በአንድ ማዕድ ይቀመጣሉ። በዚያ ማዕድ ላይ የተከበረ አንድ ሽማግሌ ለባልየው «ልጁ ጡቱን ይጥገብ፣ እርሷም ትጠንክር» ቢለው ከአሥር ስብሰባ ይበልጣል።

ባልየው ካልተስማማ ሴቲቱ ተደብቃ ትሄዳለች። ካርዷን ጎረቤት ቤት የምታስቀምጥ፣ በገበያ ቀን ለሽንኩርት ብላ ወጥታ መርፌዋን ወግታ የምትመለስ ሴት መኖሯ የታወቀ ነው። ይህን ያወቀ የማኅበር መሪ ለባሏ መናገር ግዴታዬ ነው ቢል በጣም ተሳስቷል። የሴቲቱ ምስጢር የእርሷ ነው። የመሪው ሥራ ባሎችን ራሳቸውን ሰብስቦ ማነጋገር ነው፤ እነርሱን ለማነጋገር ደግሞ ከሴት ባለሙያ ይልቅ ወንድ መሪ ይቀናዋል።

ኮታና ግዳጅ

አሁን ወደሚያስከፋው ነገር እንምጣ። የቤተሰብ ምጣኔ ሥራ እንደ እርከን ሥራ በቁጥር ተመድቦ፣ «ከዚህ ቀበሌ በዚህ ወር ይህን ያህል ሴት» ተብሎ የሚጠየቅበት አሠራር ካለ መሪው ሊቃወመው ይገባል። ሴትን አስገድዶ፣ ወይም እህል እርዳታና ሴፍቲኔት እንዳይቀርባት አስፈራርቶ፣ ወይም ስለ ሌላው ዓይነት ሳይነግሯት አንዱን ብቻ መስጠት ለአንድ ወር ቁጥሩን ይሞላ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ያ መንደር ለዓመታት በሩን ይዘጋል። ከወሊድ አልጋ ያልተነሣችን ሴት ጥድፊያ ላይ እያለች «እሺ» ማሰኘትም እንደ ፈቃድ አይቆጠርም። ልጅ የምትፈልግ ሴት ትውለድ፤ መብቷ ነው። የሚባለው የፈለገችው ጊዜ ላይ እንድትወልድ ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ትልቅ ጉዳይ አለ፤ እርሱም ማስወጣት ነው። በክንዷ ያስቀበረች ሴት ጊዜው ሲያልቅ ወይም ከዚያ በፊት ሐሳቧን ስትለውጥ ማስወጣት መቻል አለባት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ሥልጠና መጀመሪያ የተሰጠው በማስገባቱ ላይ ነበር፤ ለማስወጣት ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ የግድ በመሆኑ ብዙ ሴቶች ተጉላልተዋል። ማስገቢያው በደጅ፣ ማስወጫው በሩቅ ሲሆን ሴቶቹ «ታሰርን» ቢሉ አይፈረድባቸውም። ማኅበሩ ስንት ሴት አስገባች ብሎ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ማስወጣት የፈለገች ሴት የት ትሄዳለች፣ ስንት ቀን ይፈጅባታል ብሎ ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት ቢጠይቅ የበለጠ ይታመናል።

ሌላው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጊዜ ነው። ግብር ሲሰበሰብ እርሷ፣ ለምዝገባ እርሷ፣ ለስብሰባ ሰው ለመጥራት እርሷ የምትላክበት ቀበሌ ጥቂት አይደለም። የላካትም ብዙ ጊዜ ራሱ ማኅበሩ ነው። ሦስት ሰዓት ተጉዛ ሕፃኗን ይዛ የመጣች እናት የጤና ኬላው በር ተቆልፎ ስታገኘው ሁለተኛ አትመለስም። ቢያንስ በክትባትና በገበያ ቀን ሠራተኛዋ ከጤና ኬላው እንዳትነሣ መወሰን የማኅበሩ ሥልጣን ነው፤ በጀትም አይጠይቅም።

በመጨረሻም አቅርቦቱ አለ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት በትግራይ፣ በአማራና በአፋር ብዙ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋልም። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የአሜሪካ መንግሥት ለውጭ አገሮች የቤተሰብ ምጣኔ ሥራ ይሰጥ የነበረውን እርዳታ አቋርጧል። እንዲህ ባለው ጊዜ ለሦስት ወር የተቀጠረች ሴት መጥታ «መርፌው አልቋል» ልትባል ትችላለች። መርፌ የሚዘገይባት ሴት በዚያ ሰሞን ልታረግዝ ስለምትችል፣ ባዶ እጇን ከመመለስ ኮንዶም ወይም ለአጥቢ የሚስማማ ኪኒን ይዛ መሄድ አለባት። መድኃኒቱ ማለቁን ማኅበሩ የሚሰማው ሴቶቹ ሲያማርሩ መሆን የለበትም። በየወሩ በሚደረገው ስብሰባ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ስንት መርፌ፣ ስንት የክንድ፣ ስንት ኪኒን በእጇ እንዳላት ብትናገርና በቃለ ጉባኤ ቢያዝ፣ ከማለቁ አንድ ወር በፊት ለወረዳው በደብዳቤ ማመልከት ይቻላል። ከመኸሩ በፊት ያለው ክምችት በተለይ መታየት አለበት፤ በሰኔና በሐምሌ የወለዱት እናቶች የሚመጡት በመስከረምና በጥቅምት ነውና።